ማጀብ፤ ከአንኮበር አደባባይ እስከ ፊልም ሸራ

አማርኛ ለፊልም ሙዚቃ ያወጣለት ስም «ማጀቢያ» ነው። ስሙ አዲስ ቢመስልም ግሡ አሮጌ ነው። መኳንንት ከቤታቸው ወጥተው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ችሎት ወይም ወደ ዘመቻ ሲሄዱ፣ ጋሻ ጃግሬው ከፊት፣ ባለሟሉ ከጎን፣ ሎሌው ከኋላ ሆኖ ሲከተላቸው «ታጀቡ» ይባላል፤ የተከታዩ ብዛት «አጀብ»፣ ተከታዩም «አጃቢ» ነው። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ይህንኑ ሙዚቃ የሚጠሩት በፊልሙ ጠርዝ ላይ በተሠመረው የድምፅ መስመር ስም ስለሆነ የሚያመለክቱት የመሣሪያውን አሠራር ነው። አማርኛው ግን መሣሪያውን ትቶ በጌታና በተከታዩ መካከል ያለውን ግንኙነት አመለከተ። እንግዲህ «የፊልም ማጀቢያ» በተባለ ቁጥር ፊልሙ ጌታ፣ ዘፈኑ ሎሌ ሆኖ ተቆጥሯል ማለት ነው። በሸዋ፣ ይልቁንም በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ዙሪያ በነበረው የዜማና የግጥም ልማድ ውስጥ ግን ነገሩ ይህን ያህል ቀላል አልነበረም። አጃቢው ጌታውን የሚወቅስበት፣ የሚመራበት፣ አንዳንድ ጊዜም ጌታው ካለፈ በኋላ ብቻውን የሚቀርበት ጊዜ ነበር። ቃሉ ከአደባባይ ወደ ሸራ ሲሻገር ይህን ሁሉ ይዞ ተሻግሯል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሲገዙ መቀመጫቸው አንድ ብቻ አልነበረም። አንኮበር በምሥራቁ ገደል አፋፍ ላይ ሆና የአዋሽን ቆላ ቁልቁል ታያለች፤ አንጎለላ በደጋው ሜዳ ላይ ናት፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የቈረቈሯት ደብረ ብርሃን አለች። ንጉሡ እንደ ወቅቱና እንደ ጉዳዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ አገዛዙም አብሯቸው ይጓዝ ነበር። ስለዚህ አጀቡን እንደ ጌጥ ብቻ መቁጠር ስሕተት ነው፤ በመንገድ ዳር የቆመው ባላገር መንግሥት የሚባለውን ነገር የሚያየው በአጀቡ ነው። ከማየቱም በፊት ይሰማዋል። ነጋሪቱ በበቅሎ ተጭኖ ከፊት ሲመታ ድምፁ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ እየተላለፈ ሰልፉ ገና ከኮረብታው ጀርባ ሳለ መምጣቱን ያውጃል። ድምፅ ቀድሞ መጥቶ ሥዕሉን ማስጠበቅ የሲኒማ ባለሙያዎች የፈጠሩት ብልሃት ነው ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ይመስላል።

በዚያ ዘመን ወደ አንኮበር የመጡ አውሮፓውያን ጥቂት አልነበሩም። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ገባ፤ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር በዚያው ዓመት ደረሰ፤ የእንግሊዝን መልክተኞች የመራው ሻምበል ሃሪስ በ1841 መጥቶ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ሃሪስ በ1844 ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ የንጉሡን ሰልፍና ግብር በሰፊው ገልጿል። ሆኖም የእነዚህ ጎብኚዎች ዓይን ከጆሯቸው ይልቅ የሰላ ነበር፤ ጃንጥላውንና ጋሻውን የቆጠሩትን ያህል የዘፋኙን ስንኝ አልመረመሩም። ለዚህም ምክንያቱ አይሰወርም፤ የሩቅ እንግዳ በቶሎ የሚገባው የሚታየው ነገር ነው።

የአጀቡ ድምፅ ሁለት ዓይነት ነበር ሊባል ይችላል። አንደኛው ቃል የሌለው ነው፤ ነጋሪት፣ መለከትና እምቢልታ። እነዚህ የማዕረግ ምልክቶች ስለሆኑ ማንም እንደ ፈቀደ የሚያስመታቸውና የሚያስነፋቸው አልነበሩም። ከሦስቱ ይልቅ የእምቢልታው አሠራር ያስገርማል። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የሌለው ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ሲሆን አንዱ ብቻውን ዜማ ሊያወጣ አይችልም፤ ሦስት ነፊዎች እየተቀባበሉ እያንዳንዳቸው የድርሻቸውን አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ሲሰጡ ዜማው ከመካከላቸው ይወለዳል። ሁለተኛው የአጀብ ድምፅ ቃል ያለው ነው፤ የአዝማሪው ዘፈን፣ የአቅራሪው ቀረርቶ፣ የፎካሪው ፉከራ። የመጀመሪያው ጌታው መምጣቱን ብቻ ይናገራል፤ ሁለተኛው ግን ጌታው ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ይናገራል። አደጋውም ጥቅሙም ያለው በዚህኛው ላይ ነው።

«አዝማሪ» የሚለው ስም ከግዕዙ «ዘመረ» የወጣ ነው። ሥሩ የተከበረ ሳለ ስሙ በኋላ ዘመን የንቀት ቃና መያዙ ራሱን የቻለ ጥናት የሚሻ ነገር ነው። አዝማሪው ባለ አንድ ጅማት መሰንቆውን ይዞ በግብር ላይ ሲቆም የተዘጋጀ ድርሰት አንብቦ የሚወርድ ሰው አይደለም። ያመሰግናል፤ ምስጋናው ግን ሰም ነው፤ ወርቁ ወቀሳ ሊሆን ይችላል። ጌታው ቢቈጣ አዝማሪው በሰሙ ይሸሸጋል፤ ጌታው ብልህ ከሆነ ወርቁን አውጥቶ ይሥቃል፤ ይሸልማልም። ከዚህ ሌላ «ተቀበል» የሚባለው ልማድ አለ። ከተቀመጡት አንዱ ስንኝ አዘጋጅቶ «ተቀበል» ሲለው አዝማሪው ያንን ስንኝ በዜማው ላይ አሳፍሮ ለሁሉም ያሰማዋል፤ ሌላው ደግሞ መልስ ይሰጣል። በዚህ ጊዜ አዝማሪው የራሱን ቃል ብቻ ሳይሆን የጉባኤውን ሐሳብ ይሸከማል፤ ግጥሙም የማን እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል። እንግዲህ የአዝማሪው ማጀብ ያለቀለትን ነገር መከተል አልነበረም። የሚያጅበው ሰው ይሰማዋል፣ ይመልስለታል፣ ይለወጥለታል ወይም ይቈጣዋል። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ፊልሙ ስንደርስ ተመልሶ ይመጣል።

ከአዝማሪው አጠገብ ሌላ ዓይነት ዘፋኝ አለ፤ እርሱም በሸዋና በወሎ ደጋ «ላሊበላ» የሚባለው ነው፤ ሐሚናም ይሉታል። ላሊበላ መሣሪያ የለውም፤ መሣሪያው ጉሮሮው ብቻ ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ከሰው ደጅ ቆሞ በዜማ ይለምናል፤ ይመርቃል። ዘፈኑን ካቆመ ደዌ ይጸናበታል የሚለው እምነት በሰፊው ይነገራል፤ እምነቱ እውነት ሆነም አልሆነም ዘፋኙን ከምጽዋት ሰጪው ጋር የሚያያዝበት ገመድ ጠንካራ መሆኑን ያሳያል። ይህን ልማድ የሚያጠና ሰው ሊያልፈው የማይገባ አንድ ነገር አለ። ላሊበላ ወደ አንድ ቤት ከመቅረቡ በፊት የባለቤቱን ስም፣ የልጆቹን ስም፣ ማዕረጉንና ኑሮውን ከጎረቤት ጠይቆ ይረዳል፤ ከዚያም ይህን ሁሉ በዜማው ውስጥ ያስገባዋል። በአልጋው ላይ ተኝቶ የሚሰማው ሰው የገዛ ታሪኩ በጨለማ ውስጥ ሲዘመር ይሰማል። ዜማው ለሁሉም ቤት አንድ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉ ግን ለአንድ ቤት ብቻ የተሰፋ ልብስ ነው።

ድምፅና ሥዕል በአንድነት የሚቀርቡበት ጥንታዊ ሥርዓት ቢፈለግ ከለቅሶ ሜዳ የተሻለ አይገኝም። ስመ ጥር ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻውና ጦሩ፣ ለምዱና ጠመንጃው ተይዞ፣ አንዳንድ ጊዜም ምስሉ ተሠርቶ በለቀስተኛው ፊት ይዞራል። አስለቃሿ ሙሾ የምታወርደው እነዚህን እያየች ነው። ፈረሱ ሲቀርብ ስለ ግልቢያው፣ ጋሻው ሲቀርብ ስለ ውጊያው፣ ባዶው ወንበር ሲታይ ስለ ፍርዱ ትናገራለች። ዕቃው በተራ ያልፋል፤ ቃሉ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዕቃ ትርጕም ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ሥዕሉ አጃቢ፣ ቃሉ ጌታ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሙሾ ባይኖር ኖሮ የቆመው ፈረስ ፈረስ ብቻ ነበር። በኋላ ዘመን ፎቶግራፍ ሲመጣ በመስታወት የገባው የሟች ሥዕል የፈረሱን ቦታ በብዙ ስፍራ ወሰደ። ያለ ብዙ ችግር የወሰደውም ሥርዓቱ ቀድሞ ስለ ነበረ ነው።

ድምፅን ከባለቤቱ የሚለየው መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ምኒልክ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ሲሆኑ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ድምፃቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ላኩላቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱም በ1899 በዚሁ መሣሪያ መልስ ሰጡ። የንግሥቲቱ ቅጂ ከተሰማ በኋላ እንዲደመሰስ በታዘዘው መሠረት ተደመሰሰ፤ የኢትዮጵያውያኑ ድምፅ ግን ተርፎ እስከ ዛሬ ይሰማል። ይህ ነገር ለታሪክ ጸሓፊ ትንሽ ፈገግታ የሚያመጣ ቢሆንም አንድ ቁም ነገር አለበት። ንግሥቲቱ ድምፅ ከአካል ተለይቶ ሲቀር ማንም ሊያዝበት እንደሚችል አስቀድመው የጠረጠሩ ይመስላል። አዝማሪዎቹ ይህን የተረዱት ዘግይተው ነው።

ከሸዋ ዘፋኞች መካከል ወደዚህ መሣሪያ ቀድሞ የደረሰው ከምንጃር የወጣ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1869 ዓ.ም. ገደማ በምንጃር ተወለዱ። ግጥማቸውንም ዜማቸውንም ራሳቸው የሚደርሱ፣ በሰምና ወርቅ የተካኑ፣ በተሰበሰበ ሰው መካከል ለተነገራቸው ሁሉ ወዲያው ስንኝ የሚመልሱ ሰው ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ በመጣበት ወራት የአውቶሞቢልን ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ፤ እስከ 1902 ዓ.ም. ገደማም በዚያ ቆዩ። እዚያ ሳሉ ድምፃቸው በብዙ ሸክላዎች ላይ ተቀረጸ። እነዚህ በንግድ ሸክላ ላይ የወጡ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ዘፈኖች ተብለው ይቈጠራሉ። ለመኪና ሥራ የተላከ ሰው ዘፈን ይዞ መመለሱ እንደ አጋጣሚ ሊታይ ይችላል፤ ሆኖም ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ ዘመን የወጡ ነገሮች ናቸው። አገሩ አዲሶቹን መሣሪያዎች በሚሰበስብበት ጊዜ አንድ ባለቅኔ መላኩ ሳይታሰብ የተገኘ ትርፍ ሆነ።

በዚያን ጊዜ የነበረው የቀረጻ ዘዴ ኤሌክትሪክ አልነበረውም። ዘፋኙ በትልቅ ቀንድ መሰል ጡሩንባ ፊት ቆሞ በኃይል ይዘፍናል፤ የድምፁ ንዝረት መርፌውን እያንቀሳቀሰ በሰሙ ላይ ይጫራል። የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ብቻ ነው። ይህ ለአዝማሪ ምን ማለት እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። በግብር ላይ ዘፈን የሚያልቀው ጉባኤው ሲጠግብ ነው፤ በጡሩንባው ፊት ግን የሚያልቀው ሸክላው ሲሞላ ነው። በግብር ላይ «ተቀበል» የሚል አለ፤ በጀርመኑ ክፍል ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሰው መኖሩም ያጠራጥራል። ተሰማ እሸቴ ያንን ዝምታ አጅበው ዘፈኑ። የሚመልስ ሰው ሳይኖር መልሱን አስቀድሞ በልብ አዘጋጅቶ መዘመር አዲስ ጥበብ ነበር፤ በዚህ ረገድ በኋላ ለፊልም የሚዘፍኑት ሁሉ የእርሳቸው ተከታዮች ናቸው። ሕዝቡም መሣሪያውን በራሱ ቋንቋ ሰየመው፤ ከጭቃ ተሠርቶ ከሚጠበሰው ዕቃ ጋር አመሳስሎ «ሸክላ» አለው። ስሙ መልኩን ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ያዘለት፤ እንደ ገንቦ ሲወድቅ ይሰበራልና።

የባለቅኔው ኑሮ ግን ከሸክላው ይልቅ ተሰባሪ ሆነ። ነጋድራስ ተሰማ ለልጅ ኢያሱ ቅርብ ነበሩ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ዘምተው መጡ። ሰሜን ሸዋ የጦር ሜዳ ሆነች፤ ራስ ልዑል ሰገድ በአንኮበር አቅራቢያ በቶራ መስክ ወደቁ፤ ጥቅምት 17 ቀን ደግሞ በሰገሌ ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። ጌታው ሲወድቅ አጀቡ ይበተናል፤ የተሰማ እሸቴም ዕድል በዚህ ሕግ ውስጥ አለፈ፤ ከኢያሱ ውድቀት በኋላ ብዙ መከራ ደረሰባቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 እስካረፉ ድረስ ግጥማቸው በሰው አፍ ይነገር ነበር። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ፣ በአፍሪካ የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነት በዓለም የታወቁት፣ የአባታቸውን ሕይወትና ግጥም ሰብስበው ለመጽሐፍ አብቅተውታል። ከዚህ የሚታየው ነገር የአዝማሪው ቃል በሦስት መንገድ መትረፉ ነው፤ በአፍ፣ በሸክላና በወረቀት። በሥዕል ግን አልተረፈም። ተሰማ በሚዘፍኑበት ዘመን ሲኒማ ድምፅ አልነበረውም።

ስለ ሲኒማው አመጣጥ በዚህ ስፍራ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ መጥራቱ ይታወቃል። ስሙ ብዙ ጊዜ እንደ አላዋቂነት ምስክር ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ቃል የማይናገር፣ ሲጠሩት የማይመልስ፣ ሰው የመሰለ ጥላ ለሚያይ ሕዝብ ሌላ ምን ስም ይመጣለታል? «ተቀበል» በሚባልበት አገር መልስ የማይሰጥ ሥዕል በእርግጥ ያስፈራል።

የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ወጣ፤ ሚሼል ፓፓታኪስ የሠሩት «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. ተከተለ። ከእነዚህ ይልቅ ለያዝነው ነገር የሚጠቅመው ኃይሌ ገሪማ በዚያው በ1966 ዓ.ም. በአብዮቱ ዋዜማና መባቻ የቀረጹትና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ለዕይታ የበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ በባለ ርስት እጅ ሥር የሚኖር የአንድ ጭሰኛ ቤተ ሰብን ኑሮ ያሳያል። የፊልሙ ሙዚቃ የተስፋዬ ለማ ነው። ተስፋዬ ለማ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የሚባለውን ጓድ የመሩ ሰው ናቸው። ጓዱን ግብፃዊው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል ዳብህ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 አቋቋሙት፤ በዚያም መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገና፣ መለከትና እምቢልታ በአንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። አገሩን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም። በገና የጸሎትና የጾም መሣሪያ ነው፤ መለከትና እምቢልታ የማዕረግ ናቸው፤ ዋሽንት የእረኛ፣ መሰንቆ የአዝማሪ ነው። አብረው ተቀምጠው የማያውቁ ሰዎች በአንድ ማዕድ እንደ መቅረባቸው ያህል ነው። ማዕረጋቸውን ጥለው ድምፃቸውን ብቻ ይዘው መጡ፤ ፊልም የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። በአንኮበር እምቢልታ ሲሰማ ጌታ መጣ ማለት ነበር፤ በፊልም ውስጥ ግን እምቢልታ ሐዘንን፣ ሜዳን ወይም ንጋትን ሊያመለክት ይችላል።

በኃይሌ ገሪማ ፊልም ውስጥ የወቃሹን ሥራ የሚሠራው አዝማሪ አይደለም። ለአገሩ ተዋግቶ መሬቱን ያጣውና እብድ የተባለው ከበበ ነው። እርሱ በአደባባይ ይናገራል፤ ጌታውን ይወቅሳል፤ በመጨረሻም ይገድለዋል። ሙዚቃው ከጎን ሆኖ ያዝናል እንጂ ወቀሳውን አይሸከምም። ይህን እንደ ጕድለት መቁጠር አይገባም፤ በሥዕል የሚናገር ደራሲ ቃሉን ለተዋናዩ መስጠቱ ተፈጥሯዊ ነው። ይሁን እንጂ አዝማሪው በአንድነት ይዞት የነበረው ሥራ ለሁለት መከፈሉ እዚህ ላይ በግልጥ ይታያል። ወቀሳው ወደ ተዋናዩ፣ ዜማው ወደ ማጀቢያው ሄደ።

ክፍፍሉ በስቱዲዮው ውስጥም ቀጠለ። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ በተሸጋገረው የአዲስ አበባ ሙዚቃ አሠራር ግጥም ደራሲ፣ ዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪና ድምፃዊ አራት ሰዎች ሆኑ፤ በካሴቱ ልባስ ላይም ስማቸው በየተራ ይጻፋል። ፊልም ሲጨመር አምስተኛ ሰው ይመጣል፤ እርሱም ዘፈኑ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚቋረጥ የሚወስነው ዳይሬክተር ነው። በዚህ ምክንያት ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚደርስ ድምፃዊ ለአንድ ፊልም ሙሉ አልበም ሠርቶ ማቅረቡ በሌላው ዓለም የታወቀ ሆኖ ሳለ በእኛ አገር ብርቅ ሆኖ ቆይቷል። በአማርኛ ፊልሞች የተለመደው አንድ ዘፈን ተሠርቶ በመግቢያው ወይም በመጨረሻው ላይ መግባቱ ነው፤ ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ከወረደ በኋላ ዘፈኑ ብቻውን በሬዲዮና በታክሲ ውስጥ ይኖራል። አንዳንዱ ሰሚ ዘፈኑ የፊልም መሆኑንም አያውቅም። አጃቢው ጌታውን ቀብሮ መንገዱን ቀጠለ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ሙዚቃ በፊልም አልበም ላይ በዓለም ፊት የቀረበበት ዋናው ጊዜ የመጣው ከውጭ ነው። አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለውን ፊልም ሠራ፤ ፊልሙም በዚያው ዓመት በካን የፊልም በዓል ታላቁን የዳኞች ሽልማት አገኘ። የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች፣ «የከርሞ ሰው»፣ «የግሌ ትዝታ» እና «ጉብልዬ»፣ በፊልሙም በአልበሙም ውስጥ ገቡ። ሙላቱ የተወለዱት በጅማ ነው፤ በእንግሊዝ አገርና በቦስተን ተምረው የአገሩን ቅኝት ከጃዝ ስምምነት ጋር ያዋሐዱ ሊቅ ናቸው። ሥራዎቹ ለፊልሙ የተደረሱ አልነበሩም፤ በአዲስ አበባ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተቀረጹ ነበሩ፤ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አሰናጅነት በፈረንሳይ አገር በሚታተመው «ኤቲዮፒክ» የተባለ ተከታታይ አራተኛ ክፍል በ1998 እንደገና ስለ ወጡ ነው ወደ ውጭው ሰሚ ጆሮ የደረሱት።

ሙዚቃው በታሪኩ ውስጥ የገባበት መንገድ ከዚህ ጽሑፍ ርእስ ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። በፊልሙ ውስጥ ዶን የተባለ ብቸኛ ሰው የቀድሞ ወዳጆቹን ሊጠይቅ ረጅም ጉዞ ይወጣል። ጉዞውን ያሰናዳለት ጎረቤቱ ዊንስተን ነው፤ ዊንስተን በታሪኩ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ነው። ይህ ጎረቤት ለመንገደኛው የመንገድ ካርታና የመኪና ኪራይ ብቻ አላዘጋጀም፤ በመንገድ ላይ የሚሰማውን የኢትዮጵያ ሙዚቃም በሲዲ ቀርጾ ሰጠው። ሰውየው መኪናውን ባስነሣ ቁጥር ሙዚቃው አብሮት ይነሣል። እንግዲህ ይህ በቃሉ ሙሉ ትርጕም ማጀብ ነው፤ ተጓዥን በመንገዱ ላይ መከተል። ዳይሬክተሩ የአማርኛውን ግሥ ሳያውቅ ትርጕሙን አገኘው። ልዩነቱ ግን ይህ አጀብ ቃል የሌለው መሆኑ ነው። ዶን ሙዚቃውን ይሰማል፤ ማንም ምንም አልነገረውም፤ ማንም አልወቀሰውም። የሣህለ ሥላሴ አዝማሪ ቢሆን ኖሮ የዶንን የቀድሞ ወዳጆች ታሪክ ከጎረቤት ጠያይቆ በሰምና ወርቅ ባስለቀሰው ነበር። ለአንኮበር ሰው የነጋሪቱና የእምቢልታው ወገን ብቻ ወደ ሆሊውድ ደጅ ደረሰ፤ የመሰንቆው ወገን ግን ቋንቋው አልተሻገረም ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የመሰንቆው ወገን በአገር ውስጥ በሌላ በር ገባ። ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው የሚደርሱት ቴዎድሮስ ካሣሁን፣ ቴዲ አፍሮ በሚለው ስም የታወቁት፣ በ2004 ዓ.ም. «ጥቁር ሰው» የተባለ አልበማቸውን አወጡ። የአልበሙ ርእስ የሆነው ዘፈን የአንጎለላውን ተወላጅ ዐፄ ምኒልክንና የአድዋን ድል የሚያወሳ ነው፤ ለዘፈኑም የጦርነቱን ታሪክ የሚያሳይ፣ ብዙ ሰዎች የተሰለፉበት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ተሠራለት። በዚህ ጊዜ ዘፈኑ ጌታ፣ ሥዕሉ አጃቢ ሆነ። ፈረሱ፣ ጋሻውና ነጋሪቱ እንደገና ከዘፋኙ ፊት አለፉ። በአሠራሩ ከሲኒማ ይልቅ ወደ ለቅሶ ሜዳው ሥርዓት ይቀርባል፤ የሟቹ ዕቃ በተራ እያለፈ ቃሉ ትርጕም ይሰጠዋል። ዘፈኑ ብዙ ውዳሴና ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ የታሪክ ስፍራ ቢሆንም ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው ሌላ ነገር አለ። በጥንቱ ልማድ አዝማሪ የሚያመሰግነው በፊቱ የተቀመጠውን ጌታ ነው፤ ጌታውም በሽልማት ወይም በቍጣ ይመልስለታል። የሞተ ንጉሥ ግን አይመልስም። ስለዚህ «ተቀበል» የሚለው ድምፅ ከሕዝቡ መካከል፣ ከደጋፊውም ከተቃዋሚውም በኩል መጣ፤ ጉባኤው በአዳራሽ ባይሰበሰብም ሥራውን አልተወም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 የተሰማ እሸቴ ሸክላዎች በዚያው በ«ኤቲዮፒክ» ተከታታይ ውስጥ ታድሰው ወጡ። የሙላቱ ክፍል ቁጥሩ 4፣ የተሰማ ክፍል ቁጥሩ 27 ነው። በአንድ ዓይነት ልባስ፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ ሁለቱም ይገኛሉ፤ አንዱን ለመስማት ቋንቋ አያስፈልግም፤ ሌላውን ለመስማት አማርኛ ማወቅ፣ አማርኛ ለሚያውቀውም የዘመኑን ሰዎች ስም፣ የምንጃርን አነጋገርና የግቢውን ወሬ ከሽማግሌ ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል፤ ላሊበላ ወደ ደጅ ከመቅረቡ በፊት ከጎረቤት እንደሚጠይቀው።